ሪላክሰር ትቼ ምን ልቀባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ሪላክሰር (ከርዳዳ ፀጉር የሚዘረጋውን ኬሚካል) ማቆም የምትፈልጉ አላችሁ። አቁማችሁ ግማሹ ሉጫ ግማሹ ከርዳዳ ሆኖባችሁ የተቸገራችሁም አላችሁ። ልጄን ልቀባት ወይስ ልተው ብላችሁ የጠየቃችሁ እናቶችም እንዲሁ። ሁላችሁም ማለት ይቻላል ከጅማ ናችሁ፤ ስለዚህ መልሱም ለጅማ ዝናብና ለጅማ እርጥበት የተጻፈ ነው። ድሬዳዋ ላይ አንድ ሳምንት የሚቆይ ነገር እዚህ እስከ ከሰዓት ላይቆይ ይችላል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

«24 ዓመቴ ነው። ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ሪላክሰር እቀባለሁ። አሁን ከግንባሬ በላይ ያለው ፀጉር ሳስቷል። ባለፈው ስቀባ ደግሞ ከጆሮዬ ጀርባ ቆስሎ ሳምንት ሙሉ ሲያዥ ነበር። ቲክቶክ ላይ የኮኮናት ወተት፣ ሎሚና የበቆሎ ስታርች አፍልተው ሲቀቡ ፀጉሩ ልክ እንደ ሪላክሰር ሲተኛ አየሁ። እውነት ነው? ሌላስ ተፈጥሯዊ ሪላክሰር አለ?» (ከፈረንጅ አራዳ)

ቅጩን ልንገርሽ፣ የለም። ሪላክሰር የሚሠራውን የሚሠራ ቅጠል የለም፣ ዘይት የለም፣ ወተትም የለም። «ተፈጥሯዊ ሪላክሰር» ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ካለ ወይ እያታለለሽ ነው፣ ወይ ደግሞ ዕቃው ውስጥ ያልነገረሽ ኬሚካል አለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፀጉርሽን ጥቅልል አድርጎ የያዘው ሁለት ዓይነት ትስስር ነው። አንደኛው ደካማ ነው። ውሃ ሲነካው ይፈታል፣ ሲደርቅ በያዘው ቅርጽ እንደገና ይያያዛል። በእርጥቡ ሹሩባ ተሠርተሽ በማግስቱ ስትፈቺው ሞገድ ይዞ የሚወጣው፣ በቢጎዲን ተጠቅልለሽ ካስክ ስር ስትቀመጪም የሚተኛልሽ በዚህ ነው። ሁለተኛው ትስስር ከሰልፈር የተሠራ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ውሃም ቅቤም አይፈታውም። ሪላክሰር የሚሰብረው ይህንን ሁለተኛውን ነው። አንዴ ከተሰበረ አይመለስም፤ ለዚህ ነው አዲስ ፀጉር እስኪበቅል ድረስ ሉጫ ሆኖ የሚቀረው። ይህን ለመስበር ደግሞ ኃይለኛ ነገር ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ሪላክሰሮች ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ለሳሙና መሥሪያ የሚውለው ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው፤ 7 መሃሉ ነው፣ ከዚያ በላይ አልካሊ፣ ከዚያ በታች አሲድ) 12 እና ከዚያ በላይ ነው። የራስ ቆዳሽ ግን 5.5 አካባቢ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኖ ላይ» (ኮስቲክ ሶዳ የለውም) ተብሎ የተጻፈውም ቢሆን በሌላ ሃይድሮክሳይድ የተተካ ነው እንጂ ፒኤቹ ብዙም አይወርድም። ከጆሮሽ ጀርባ ያዥ የነበረው ቁስል የኬሚካል ቃጠሎ ነው። «ትንሽ ሲያቃጥል ነው የሚሠራው» የምትል ሠራተኛ ካጋጠመችሽ ተነሥተሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ቲክቶኩ። ሎሚ አሲድ ነው፣ ሪላክሰር ደግሞ የአልካሊ ጥግ ነው፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ አይችልም። የኮኮናቱ ቅባት ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ ስታርቹ ላዩን ሸፍኖ ያከብደዋል፣ ጥቅልሉም ትንሽ ይላላል። ከዚያ ካሜራው ይጠፋል፣ ፎን ይመጣል፣ ካሜራው ይበራል። እንግዲህ ይኸው ነው። ኮኮናቱን ለማለስለሻ ከወደድሽው ቀቢው፣ ክፋት የለውም። ሎሚውን ግን ቁስል ላይ እንዳታደርጊ። ግንባርሽ ላይ የሳሳውን ደግሞ በቅባት ለማዳን ጊዜ አታባክኚ፣ የቆዳ ሐኪም ይየው። ሪላክሰርና የሚጎትት ሹሩባ ወይም ጥብቅ አድርጎ ማሰር አንድ ላይ ሲሆኑ የፀጉሩ ሥር ይጎዳል። ቶሎ ከተያዘ ይመለሳል፤ ቆዳው ጠባሳ ከያዘ በኋላ ግን አይበቅልም።

እና ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ማድረግ የምትችዪው ማለስለስና ማስረዘም ነው፤ ያንን ደካማውን ትስስር መጠቀም። እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው ተልባ ነው። ቤት ያለ ነገር ነው፣ ርካሽም ነው። ያልተቆላ፣ ያልተፈጨ ተልባ ይሁን። ለመጠጥ ቆልታችሁ ያስቀመጣችሁት አይሆንም። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ጥደሽ በመካከለኛ እሳት እያማሰልሽ ቀቅዪው። መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከሰባት ስምንት ደቂቃ በኋላ አረፋው ነጭ ይሆናል፣ ማንኪያውን ስታነሺው እንደ እንቁላል ውሃ ይዝለገለጋል። እዚያ ላይ አውጪው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ትንሽ ይወፍር» ብሎ ሲጠብቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝ በራሱ ይወፍራል፣ ከወፈረ በኋላ ደግሞ ከፍሬው አይለይም። ትኩሱን፣ እጅሽ እንዳይቃጠል እየተጠነቀቅሽ፣ በንጹሕ አሮጌ ስቶኪንግ አጥልይው። የሻይ ማጥለያም ይሆናል፣ ግን ያታግላል።

ከዚያ ታጠቢ፣ ኮንዲሽነር አድርገሽ በሰፊ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር አፍቺ፣ ታለቅለቂ። ውሃው ገና ሳይንጠፈጠፍ ተልባውን በክፍል በክፍል ቀቢና ከስድስት እስከ ስምንት ትልልቅ ጉንጉን ሥሪ። ጫፎቹን አትልቀቂ፣ ጠቅልለሽ በቢጎዲን ያዣቸው፤ አለበለዚያ ላዩ ተስቦ ጫፉ ተኮማትሮ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትፍቺው። «ላዩ ደርቋል» ማለት መሃሉ ደርቋል ማለት አይደለም፤ ለዚህ ዓይነቱ ችኮላ ጅማ ውስጥ ምሕረት የለም። ስትፈቺ መዳፍሽን ትንሽ ዘይት አስነኪው። ፔስትራ የተደረገ አይመስልም፣ ከወዲሁ እወቂው። ረዘም ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ ለማሰርም ለመልቀቅም የሚታዘዝ ፀጉር ነው የምታገኚው።

ስለ ዝናቡ። ውሃ ይፈታዋል ያልኩሽ ትስስር በአየር ውስጥ ባለ እርጥበትም ይፈታል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እዚህ ከተማ ፀጉር ዘርግቶ መውጣት ከሰማይ ጋር መጣላት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዘርግተሽ ልበሺው፣ ክረምቱን በሹሩባና በጉንጉን እለፊው። የተሻለ መፍትሔ አላውቅም።

የሪላክሰሩንና የአዲሱን ፀጉር ጉዳይ በተመለከተ፣ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በስድስት ወር ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በጣም ደካማ ነው፣ ሲበጠር የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። ድፍረት ካለሽ አሁኑኑ ቆርጠሽ ጀምሪ። ከሌለሽ በየሁለት ወሩ ከጫፍ ጥቂት ጥቂት እያስቆረጥሽ ሂጂ። «ሥሩን ብቻ ላስተካክል» ብለሽ መሃል ላይ ደግመሽ እንዳትቀቢ፤ ከዚያ ሁሉም ከዜሮ ነው።

«ልጄ፣ እኛ ያደግነው በቅቤ ነው። የአሁን ልጆች ቅቤ ይሸታል ይላሉ፣ ከዚያ ስሙን የማያውቁትን ነገር ይቀባሉ። ቅቤ ፀጉር አያለሰልስም? ለልጅ ልጆቼ ንገሪልኝ።» (ከአጂፕ፣ እናት)

እናቴ፣ እነግርልዎታለሁ፣ ግን ለእርስዎም አንድ ሁለት ነገር አለኝ።

ያለሰልሳል። ለጋ ቅቤ፣ አደስ ተወቅጦ የገባበት ከሆነማ ሽታውም ሌላ ነው። ቅቤ በፀጉሩ ላይ ሽፋን ይሠራል፣ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ይይዛል፣ ማበጠሪያው እንዳይጎትት ያንሸራትታል። ከርዳዳ ፀጉር የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ሲጎተት ነው፣ ስለዚህ ቅቤ የቀባች እናት በእርግጥ የልጇን ፀጉር አትርፋለች። እናቶቻችን ቀብተው ሹሩባ ሠርተው፣ በሻሽ ሸፍነው ማሳደራቸውም ትክክል ነበር።

ቅቤ ግን ፀጉር አይዘረጋም። ማለስለስና መዘርጋት ይለያያሉ። ደግሞ ቅቤ የሚይዘው እርጥበት ካለ ነው፤ ድርቅ ባለ ፀጉር ላይ ቢቀቡት ድርቀቱን ነው የሚሸፍኑት። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ቅቤ። በልኩም ይሁን። ጆሮ ላይ እስኪንጠባጠብ የሚቀባው ለሠርግ ያምራል እንጂ ለሥራ ቀን አይሆንም። ከአንድ ቀን ሁለት ቀን በኋላም በሻምፖ ይታጠቡት፣ ምክንያቱም የቆየ ቅቤ ይኮመጥጣል፤ ልጆቹ «ሸተተ» የሚሉት ይኼኔ ነው፣ አይፍረዱባቸው። ፎረፎር ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ ቅቤው ከራስ ቆዳው ይራቅ፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ይወዳል። ፀጉሩን ብቻ ይቀቡት።

ሐሙስ ገበያ ሲገዙ በኮባ ከተጠቀለለው ላይ ቆንጠር አድርገው በመዳፍዎ ያሹት። ወዲያው ቀልጦ ካልጠፋ፣ የሚሻክር ነገር ከቀረ፣ ባዕድ ነገር ገብቶበታል። ለወጥ የማይሆን ቅቤ ለፀጉርም አይሆንም።

ለልጅ ልጆችዎ ደግሞ ይህችን ይንገሩልኝ፦ ቅቤ ተቀብቶ ፔስትራ አይደረግም። ቅባቱ ይግላል፣ ፀጉሩም ይቃጠላል። ያ «ጭስ ወጣ» የሚሉት እንፋሎት ብቻ አይደለም።

«7 ዓመት ልጅ አለችኝ። ፀጉሯ በጣም ወፍራምና ከርዳዳ ነው፣ ስትበጠር ሰፈሩ ይሰማታል። አክስቷ ከአዲስ አበባ የልጆች ሪላክሰር ልካልናለች፣ ለበዓል ቀቢያት ትለኛለች። ካርቶኑ ላይ የሕፃን ፎቶ አለው፣ ለልጅ የተሠራ ነው ማለት አይደለም?» (ከቆጪ)

አይደለም። ፎቶው ለልጅ ነው፣ ኬሚካሉ ግን የትልቅ ሰው ነው። አትቀቢያት። አክስቷን አመስግነሽ ካርቶኑን ልጅ የማይደርስበት ቦታ አድርጊው፣ ቢቻል ጣዪው። ሕፃናት አይስክሬም መስሏቸው እየላሱ አፍና ጉሮሯቸው የተቃጠለበት ጊዜ አለ።

ልጅሽ የምታለቅሰው ፀጉሯ ከርዳዳ ስለሆነ አይደለም፣ በደረቁ ስለምትበጠር ነው። ይህን ስል አንቺን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ያደግነው እንደዚያው፣ በእናት ጉልበት መሃል ተይዘን፣ ሚዶው ከላይ ወደ ታች እየወረደብን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አስቀምጫት፣ የምትወደውን ነገር ስጫት። ፀጉሯን አራት ቦታ ከፍለሽ ሦስቱን ያዥ። አንዱን በውሃ አርጥቢ፣ ኮንዲሽነር ጠገብ አድርገሽ ቀቢው። መጀመሪያ በጣትሽ ነው የምትፈቺው። ቋጠሮ ስታገኚ ከላዩ በሌላ እጅሽ ያዢው፣ እንዳይጎትታት፤ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያልሽ ፍቺው። ማበጠሪያ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱን ክፍል ስትጨርሺ ጉንጉን አድርጊውና ወደ ሌላው እለፊ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት ሊፈጅብሽ ይችላል፣ እየለመዳችሁ ስትሄዱ ያጥራል።

ሹሩባ ስትሠሪላትም ሆነ ስታሠሪያት ሥሩ ላይ ነጫጭ ሽፍታ የመሰለ ነገር ከወጣ ወይም ቅንድቧ ከተሳበ በጣም ጠብቋል። ያኔውኑ ይፈታ። «እስኪላላ ታገሺ» አይባልም። ለበዓሉ ደግሞ አልባሶ ተሠርታ ነጭ ቀሚስ ስትለብስ አክስቷ ራሷ ፎቶ ልታነሳት ትሻማለች።

«ፀጉር ቤት ኬራቲን እንድሠራ መከሩኝ። ሪላክሰር አይደለም፣ ፕሮቲን ነው፣ ነፍሰ ጡርም ትሠራዋለች አሉኝ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሲሠሩ አይን የሚያቃጥል ሽታ አለው፣ ያ ምንድነው?» (ከመርካቶ)

ያ ሽታ ነው መልሱ። ብዙዎቹ «ኬራቲን» ወይም «ብራዚሊያን» የሚባሉት ፎርማልዲሃይድ አላቸው፣ ወይም በፔስትራ ሲሞቁ ፎርማልዲሃይድ የሚለቅ ነገር አላቸው። ፎርማልዲሃይድ አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚጠቀሙበት ነገር ነው፣ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው። ካርቶኑ «ፎርማልዲሃይድ የለውም» ቢልም «ሜቲሊን ግላይኮል» ወይም «ፎርማሊን» የሚል ካየሽበት ያው ነው። በግሊኦክሲሊክ አሲድ የሚሠሩትም ከጉዳት ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደሉም፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሐኪሞች ይህን አሲድ የያዘ ማለስለሻ በተቀባች ቁጥር ኩላሊቷ የተጎዳ አንዲት ወጣት ሴት ጉዳይ አሳትመዋል።

ስለዚህ አሁን አትሠሪው። ነፍሰ ጡር ባትሆኚም ኖሮ አትሠሪው ነበር የምልሽ፣ ግን አሁን ክርክርም የለውም። እርግዝናሽን በጉንጉንና በሹሩባ አሳልፊ። የእርግዝና ፀጉር ብዙ ጊዜ ይበዛል፣ ከወሊድ በኋላ ከሦስት አራት ወር ጀምሮ ደግሞ ይረግፋል፤ ያኔ እንዳትደነግጪ፣ ይመለሳል።

ስለ ሪላክሰርና ካንሰር ለጠየቃችሁኝም እግረ መንገዴን ልመልስ። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ። 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተጠቀሙት ሴቶች፣ ከማይጠቀሙት ይልቅ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በቁጥር ሲታይ፣ እስከ 70 ዓመት ድረስ የመያዝ ዕድሉ ለማይቀቡት 1.64 በመቶ፣ አዘውትረው ለሚቀቡት 4.05 በመቶ ተብሎ ተገምቷል። ይህ ማለት ሪላክሰር ለካንሰሩ ምክንያት መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ የቀባች ሁሉ ትታመማለች ማለትም አይደለም። ብዙ ዓመት ቀብታችሁ ከሆነ በድንጋጤ እንቅልፍ አትጡ። ከወር አበባ ውጭ ወይም ወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ካያችሁ ግን ከሪላክሰር ጋር ይገናኝም አይገናኝም ሐኪም ቤት ሂዱ።

«ሂጃብ ነው የምለብሰው። ሪላክሰር ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። ጥዋት ታጥቤ ነው ለሥራ የምወጣው፣ ማታ ሳወልቅ ፀጉሬ አሁንም እርጥብ ነው፣ ይሸታል፣ ከፊት ለፊትም እየተበጠሰ ነው። ሂናስ ያለሰልሳል ይባላል፣ ልሞክር?» (ከሂርማታ)

የጥዋቱን መታጠብ አቁሚ። ማታ ታጠቢ፣ ጉንጉን አድርገሽ ይደር፣ ቀን በጉንጉኑ ላይ ልበሺበት። እርጥብ ፀጉር ቀኑን ሙሉ ተሸፍኖ ሲውል ቆዳው ይታፈናል፣ ሽታውና ማሳከኩ ከዚያ ነው። ከፊት የሚበጠሰው ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ከሂጃቡ ስር የምታደርጊው ጥጥ ኮፍያ ነው፣ ግንባርሽ ላይ ይፈጋል፣ እርጥበቱንም ይመጥጣል፤ በሳቲን ቀይሪው፣ እንዳይንሸራተት በስተኋላ በኩል ብቻ ያዢው። ሁለተኛው ፀጉርሽን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አጥብቀሽ ማሰርሽ ነው። አንድ ቀን ዝቅ፣ አንድ ቀን በጎን አድርጊው።

ንጹሕ ሂና መልካም ነው። ፀጉሩን ያጠነክራል፣ ጥቅልሉንም ትንሽ ያላላል፣ ቀለሙም ወደ ቀይ ይወስደዋል። በጣም ስለሚያደርቅ ከታጠብሽው በኋላ ኮንዲሽነር ጠገብ አድርጊበት። «ጥቁር ሂና» የሚባለውን ግን ተዪው። ሂና በተፈጥሮው ጥቁር አይሆንም፤ ያጠቆረው አብዛኛውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ማቅለሚያ ነው፣ ፊት እስኪያብጥ ድረስ ቆዳ ያስቆጣል።

«ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አድርጌ ብታጠብ ይዘረጋል?» (ከቦሳ ቂጦ)

አይዘረጋም፣ ያደርቃል። ተዪው፣ ለኬክ ይሁን።

«የጉሎ ዘይት ፀጉር ያሳድጋል?» (ያው ከቦሳ ቂጦ)

እንደሚያሳድግ የተረጋገጠ ነገር የለም። እርጥበት ይይዛል፣ የፀጉሩን ጫፍ ከመሰንጠቅ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ያደገው አይበጠስም፤ የረዘመ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ወፍራም ስለሆነ በቀላል ዘይት አቅጥኚው።

«ፀጉር ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ሪላክሰር ስቀባ እውላለሁ። የእጄ ቆዳ ተላልጧል፣ ጥፍሬ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ደንበኛ ሪላክሰር ካልቀባን ይሄዳል፣ ምን እናድርግ?» (ስሜ ይቅር)

ይቅር፣ እህቴ። ደብዳቤሽን ያስቀረሁት ለመጨረሻ ነው፣ ምክንያቱም ስለ ሪላክሰር ስንጽፍ ሁልጊዜ የምናስበው ስለተቀባችው ነው። ተቀቢዋ በሁለት ሦስት ወር አንዴ ነው የምትነካው። አንቺ በየቀኑ።

ጓንት ግዴታ ነው፤ አሠሪሽ ካልገዛች ከደመወዝሽም ቢሆን ግዢ፣ በኋላ ትከራከሪያለሽ። ያው አንዱን ጓንት አጥበሽ ደግመሽ አታጥልቂ፣ ውስጡ የገባው ሪላክሰር ሙሉ ቀን እጅሽ ላይ ይከርማል። መስኮትና በር ይከፈት፣ ዝናብም ቢሆን፤ በተለይ ያ ኬራቲን ሲሠራ። ከሥራ በኋላ እጅሽን ታጥበሽ ቫዝሊን ቀብተሽ እደሪ። ቁስሉ በዚህ ካልደረቀ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄደሽ ለቆዳ ሐኪም አሳይ፣ ይህ የሥራ ሕመም ነው።

ለደንበኞችሽ ደግሞ፣ ማቆም ካልቻሉ ቢያንስ እንዲህ ይሁን። ራሷን ያከከች ወይም ትናንት ሹሩባ የፈታች ሴት ዛሬ አይቀባላትም። በፀጉሩ ድንበር፣ በጆሮ ላይና በጆሮ ጀርባ ቫዝሊን ይደረግ። አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ይቀባ፣ የድሮው ላይ አይደገም። ካቃጠላት ሰዓቱ ቢደርስም ባይደርስም ይታጠብ። ለማጠቢያ የሚመጣው ሻምፖ ቀለሙ የሚቀየር ከሆነ አረፋው ሮዝ እስካለ ድረስ ኬሚካሉ አልወጣም ማለት ነው፤ ነጭ እስኪሆን እጠቢ። ሰልፍ ስለበዛ ይህን የምታሳጥር ሠራተኛ አለች፣ አንቺ አትሁኚ።

ደንበኛ ይሄዳል ላልሽው፣ ሁሉም አይሄድም። ሪላክሰር የምትጠይቅሽ ሴት ብዙ ጊዜ የምትፈልገው ለሠርግ፣ ለምርቃት ወይም ለበዓል የተዘረጋ ፀጉር ነው። ኮንዲሽነር ካደረግሽ በኋላ በትልልቅ ቢጎዲን ጠቅልለሽ ካስክ ስር አንድ ሰዓት ካስቀመጥሻት ይዘረጋላታል። ፔስትራ ከፈለገች ፀጉሩ ፍጹም ደርቆ፣ የሙቀት መከላከያ ተቀብቶ፣ ከ180 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ አንዴ ብቻ ይለፍበት። እንደ ድሮው በክር ጠቅልሎ ማሳደርም አለ፤ ዕቃ አይፈልግም፣ ፀጉሩን እስከ ጫፉ ይስባል፣ ወጣቶቹ አሁን እንደ አዲስ ነገር እየጠየቁት ነው። ሹሩባ የምትችዪ ከሆነማ ክረምቱን ሙሉ ሥራ አለሽ። ለአሠሪሽ ይህን ንገሪያት፦ ሪላክሰር የተቀባች ሴት ከሁለት ወር በኋላ ነው የምትመለሰው፣ ቢጎዲን የምትጠቀለል ግን በየሳምንቱ ትመጣለች።

«ተልባውን ሠራሁ፣ ፍሪጅ ግን የለኝም። ስንት ቀን ይቆያል?» (ከጅሬን)

ያለ ፍሪጅ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት። ስለዚህ አንቺ ለአንድ ጊዜ የሚበቃሽን ብቻ ሥሪ፤ ሁለት ማንኪያ ተልባ በአንድ ኩባያ ውሃ ለመካከለኛ ፀጉር ይበቃል። ሽታው ከተቀየረ ወይም ቀጥኖ ውሃ ከሆነ ድፊው።